ጥምቀትን ጎንደር፣ ኪዳነ ምሕረትን ዘጌ፦ በአንድ የባህር ዳር ጉዞ አዘጋጅ ከእናቴ ጋር ሁለቴ ሄጄ ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ላይ ለዓመት በዓል ሰው ሰብስበው ጎንደር ዘጌ ግሸን ምናምን የሚወስዱ ልጆች አሁን አሁን በዝተዋል፣ እኔም ዘንድሮ ከነሱ ባንዱ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ለጥምቀት ጎንደር ሁለተኛው ደሞ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ኡራ። ሁለቱንም ከእናቴ ጋር ነው የሄድኩት። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳርም አለባት፣ ግን "ጥምቀትን ጎንደር ሳላከብር እንዳልሞት" የምትለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ነው ያደኩት። እዚሁ 180 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ለምን እስካሁን አልሄደችም ብትሉኝ ያው እናት ናት፣ በየዓመቱ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል እሷ ቤት ትቀራለች ለሰው ታበላለች። ዘንድሮ ግን በቃ እንግዳውም ይቅር ብዬ ወሰድኳት።

የአዘጋጆቹን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ከባድ ቅሬታ ስላለኝና እነሱም ሰምተው ለማስተካከል ስለሞከሩ። በግል ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ። የምጽፈው እናት አባቱን ይዞ በዓል መሄድ ለሚያስብ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው ምክንያቱም እኔ ሳልጠይቅ ነው ብሬን የከፈልኩት።

በጎንደሩ ልጀምር። ለአንድ ሰው 3,800 ብር ነው፣ መኪና፣ ሁለት ሌሊት አልጋ፣ ቁርስ፣ ሁለት ምሳ እና አስጎብኚ ያካትታል። ምዝገባው ላይ ምንም አልልም፣ በቴሌብር ከፈልኩ ወዲያው ደረሰኝ ላኩ፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው ፕሮግራሙን አስቀመጡ፣ ስደውል ያነሳሉ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ፊት ወንበር እፈልጋለሁ አልኳቸው እሺ አሉ፣ እውነትም ጥር 10 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፓፒረስ ጋ ስንደርስ ከሹፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር ላይ ወረቀት ለጥፈው "የእናታችን" ብለው ጽፈውባታል። ይሄን አልረሳላቸውም። መኪናው ንጹህ ኮስተር ነው፣ ሹፌሩ ትልቅ ሰው ነው ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ሌሊት አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንሻገር መብራቱ ውሃው ላይ ተኝቶ እማዬ ሦስቴ አማተበች፣ ያ 380 ሜትር ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተመረቀ በኋላ በእግሯ እንኳን ሄዳ አታውቅም ነበር።

መንገዱ እንዴት ይሆን የሚል ስጋት ሁላችንም ልብ ውስጥ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባን። ሐሙሲትን ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን ሻይ ጠጣን፣ እንፍራንዝ ጋ አስጎብኚው ጉዛራን አሳየን፣ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው፣ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ ከመኪና ሳንወርድ ከሩቁ ነው ያየነው ግን ልጁ ታሪኩን አሳምሮ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ ብትጠይቁኝ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር።

ችግሩ ጎንደር ስንደርስ ጀመረ። ማደሪያችን "ጎንደር ከተማ" ተብሎ የተነገረን አዘዞ ሆኖ ተገኘ። አዘዞ የጎንደር ክፍለ ከተማ ነው ብለው ተከራከሩን፣ ልክ ነው፣ ግን ለጥምቀት የመጣ ሰው ፋሲል መዋኛ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ማለት ነው፣ ወይም ፒያሳ አካባቢ ማደር ነው የሚፈልገው፣ በዓሉ የሚያዘው በእግር ነዋ፣ ታቦት ሲወጣ መንገድ ይዘጋል ባጃጅ አይገባም፣ አዘዞ ያደረ ሰው በሌሊት እንዴት ብሎ ይመጣል? አልጋው ንጹህ ነው ውሃም አለው፣ እሱ ላይ ምንም አልልም። ርቀቱ ነው የገደለን።

ከዛ ምሳ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ የጥምቀት ዋዜማ፣ ገሃድ ወይም ጋድ የሚባለው ጾም ነው፣ ጋድ የሚጾም ሰው ቅዳሜም ቢሆን ከቅባት ይርቃል፣ ይሄን ለጥምቀት ሰው የሚያመላልስ ድርጅት ሊያውቀው ይገባል። የወሰዱን ምግብ ቤት ግን ቀድመው ያዘዙልን ጥብስና ቅቅል ነበር። ከ26 ሰው ውስጥ ፍስክ የበላው ስድስት ወይ ሰባት ሰው ቢሆን ነው፣ ሌላው ሽሮ አምጡልን ሲል ቤቱ ሞልቷል ሽሮው አልቋል፣ እማዬ ዳቦ በሻይ በላች። ስኳር ያለባት ሴት እስከ ማታ በዳቦ በሻይ። አስተባባሪው ልጅ በጣም ነው ያፈረው፣ እሱ ራሱ ጿሚ ነው፣ ምሳውን ያዘዘው ቢሮ ያለ ሌላ ሰው ነው አለኝ። እሺ፣ ግን ያ ቢሮ ያለው ሰው ነው ለበዓል ብር የተቀበለኝ።

ሦስተኛውና እስካሁን የሚቆጨኝ ፕሮግራሙ ነው። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል "የፋሲል ግቢ ጉብኝት" ይላል። እኔ ወረቀቱን ሳነብ ልብ አላልኩትም። ፋሲል ግቢን ማንም ማየት አለበት፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቆርቁረው ያሠሩት፣ ልጆቻቸውም እየጨመሩበት የሄዱት፣ በዚያው አቆጣጠር በ1979 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ ለድንጋዩ ክብር አለኝ። ግን ለምን በከተራ ከሰዓት? ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነስተው ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱት እኮ በዚያው ሰዓት ነው። ግንቡ ነገም አለ ከነገ ወዲያም አለ፣ 400 ዓመት ሊሞላው ነው የትም አይሄድም፣ ታቦቱ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው በዚያ መንገድ የሚወርደው። እኛ ግንቡ ውስጥ ሆነን ውጭ እልልታው ከበሮው ይሰማናል፣ እማዬ አንዱ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣ "ልጄ ይሄ ድምፅ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለችኝ። በቃ አልቻልኩም፣ ለአስተባባሪው እኛ እንሄዳለን ብዬው እጇን ይዤ ወጣሁ፣ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተከተሉን።

ያየነውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ሰው ለምን እንደሚሄድ ካልተነገረ ቅሬታው ብቻውን ምን ይሠራል። ከፒያሳ ቁልቁል መንገዱ ሙሉ ነጭ ነው። ከፊት ወጣቶቹ ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ታቦቱ ሲያልፍበት ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ፊት ያነጥፉታል፣ ላባቸው ይንጠፈጠፋል ግን አንዳቸውም አይቆሙም። ካህናቱ ጥላ ይዘው፣ የሰንበት ተማሪው እየዘመረ፣ ከየሰፈሩ ሆታ የሚጨፍር ልጅ ዱላውን ወደላይ እያነሳ፣ አሮጊቶቹ ጥግ ጥግ ይዘው እልል እያሉ። የአንዱ ደብር ታቦት ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይቆማሉ ይጠባበቃሉ ከዛ አብረው ይወርዳሉ። እማዬ አንዲት የጎንደር እናት ጎን ቆማ ነበር፣ ሳይተዋወቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው እልል ሲሉ እንደ እህትማማች ነበር የሚመስሉት፣ ሴትየዋ "ከየት መጡ እቴ?" አለቻት፣ "ከባህር ዳር" አለች እማዬ፣ "እንኳን መጡልን" ብላ ከጀርባዋ ያለችውን ትንሽ በርጩማ አውጥታ ሰጠቻት። አዘጋጁ ሊያስብበት የሚገባው ይሄ ነበር፣ አንዲት በርጩማ።

ማታ አዘዞ ተመለስን፣ ግሩፑ ላይ "ነገ ከሆቴል መነሻ ጠዋት 12 ሰዓት" የሚል መልእክት ተላከ። እማዬ ሳነብላት ብድግ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ጸሎቱ ሌሊቱን ነው የሚያድረው፣ ማህሌቱ ይቆማል ቅዳሴው በሌሊት ይገባል፣ ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ይባረካል፣ 12 ሰዓት ከአዘዞ የተነሳ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መቼ ደርሶ ምን ሊያይ ነው? ደወልኩ፣ አስተባባሪው ሹፌሩ ደክሞታል ቀድሞ መነሳት አይችልም አለኝ። እሱም እውነት ነው፣ ሹፌር መተኛት አለበት፣ ግን ይሄ ቀድሞ የሚታሰብ ነገር ነው። የሆቴሉ ዘበኛ ባጃጅ ጠራልኝ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 600 ብር ከፍዬ እኔና እማዬ እና አንዲት ከዳንግላ የመጣች ነርስ ሆነን ሄድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ያልያዘ ሰው እንዳይሄድ።

ፋሲል መዋኛ በሌሊት ምን እንደሚመስል በቃል አይነገርም ግን ልሞክር። ግቢው በአጥር ነው፣ አጥሩን የያዙት የዛፍ ሥሮች ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውታል፣ መሐል ላይ ያች ግንብ፣ ዙሪያዋን ውሃ። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ነው በቦይ የሚገባው፣ ሌላውን ጊዜ ባዶ ነው ለጥምቀት ነው የሚሞላው። ጧፉ ውሃው ላይ ይታያል፣ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይወርባሉ፣ ጸናጽሉ አንድ ላይ ሲመታ ድምፁ ውሃው ላይ አልፎ ይመለሳል። የዳንግላዋ ነርስ ለእማዬ የራሷን ጋቢ አነጠፈችላት። እኔ ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ አልወጣም ብዬ ቀድሜ ወስኜ ነበር የሄድኩት፣ በ2012 ጥምቀት እዚያው ጎንደር ተመልካች የተቀመጠበት እንጨት ተደርምሶ ሰው መሞቱን ማን ይረሳል፣ ያው ዩኔስኮ ጥምቀትን በመዘገበበት ዓመት ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ነው የተቀመጥነው፣ እንዲያውም ተሻለን።

ጎህ ሲቀድ አባቶች ባሕሩን በመስቀል ባረኩ፣ ከዛ ጸበሉ ሲረጭ ሕዝቡ ሁሉ ወደፊት ተገፋ ወጣቶቹ ከአጥሩ ላይ እየዘለሉ ገቡ። እማዬ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ላይ የደረሰውን ውሃ አልጠረገችውም፣ ዝም ብላ እንባዋ ከጸበሉ ጋር እየወረደ፣ "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ይቺን አየሁ" ብቻ ነው ያለችው። ከዛ ከመቀነቷ ውስጥ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ከባህር ዳር ጀምሮ ይዛው ነው የመጣችው።

የኛ ኮስተር የደረሰው እኛ ልንወጣ ስንል ነው። ውሃው ውስጥ የሚዋኙ ልጆች ነው ያዩት። አንድ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አባት ሦስት ልጆቹን ይዞ በር ላይ ቆሞ አየሁት፣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። አስተባባሪው እማዬን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ "እናቴ ይቅር ይበሉኝ" አላት፣ "አንተ ምን አደረክ ልጄ፣ ያላወቀ ሰው ነው የላከህ" አለችው። እኔ እንኳን እንደሷ ቶሎ ይቅር አላልኩም።

ጥር 12 ቃና ዘገሊላ የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ግን ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር፣ አስተባባሪው የራሱን ሰው ጠይቆ ሰዓቱን አውቆ በጊዜ አስነሳን፣ መቀመጫ ተከራየልን፣ ምሳውም ጥሩ ነበር፣ ከፍስክም ከአትክልትም ነበር። ጭፈራው በሚካኤል ቀን ነው የሚደምቀው፣ አዲስ ቀሚስ ያልለበሰች ልጅ የለችም፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለው ሰው ጎንደር ሄዶ መሆን አለበት። ሎሚ የሚወረውርም አይተናል፣ ነርሷ ላይ ደርሶ ነበር፣ ስቃ አለፈችው።

ስመለስ ለአዘጋጁ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ማደሪያው የት እንደሆነ ቀድሞ በስሙ ይነገር፣ የጾም ቀን ምሳ የጾም ይሁን፣ ፕሮግራሙን ቢሮ ያለ ሰው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ያውጣው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። በሁለተኛው ቀን ደወሉልኝ። አልተከራከሩም። ለሚቀጥለው ጉዞ ለሁለታችን ግማሽ ክፍያ እንዳደረጉልንና የካቲት 16 ዘጌን የሚመራው አንድ ዲያቆን እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ መሄድ አልፈለኩም ነበር፣ እማዬ ናት "ግማሹን ሰጥተውሽ እምቢ ብትይ ቂም ነው" ያለችኝ።

እና ዘጌ። ሙሉ ዋጋው 1,100 ብር ነው፣ ጀልባ፣ ምሳ፣ የመግቢያ፣ ሁሉም ውስጡ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ጀልባ መነሻው ጋ ተገናኘን፣ ገና ጨለማ ነው። ዲያቆኑ አስቀድሞ ቆጠረን፣ 18 ሰው። ከዛ ላይፍ ጃኬት ቆጠረ። 15 ሆነ። ሦስት እስኪመጣ አንሄድም አለ። አንድ ወጣት እኔ እዋኛለሁ ለኔ አያስፈልግም ሲለው "ወንድሜ አንተ ትዋኝ ይሆናል፣ እኔ ግን ዝርዝሩ ላይ ያለህ ሰው ነህ" አለው፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን ሦስቱ መጡ። የእማዬን ራሱ አሰረላት፣ ነጠላዋን ከላይ እንድትደርብ አድርጎ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንቴ ጀልባ ተሳፍሬ ጃኬት ተቀምጦ ማንም ልበሱ ያላለበት እንደሆነ ስለማውቅ ይሄ ብቻውን ለኔ የብሩ ዋጋ ነው።

ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ደብረ ማርያምን በቀኝ ትተን ወጣን፣ ጎህ ቀስ እያለ ሲቀድ ደንገል ታንኳ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብሎ መረቡን ይስባል፣ ውሃው ላይ ሌላ ማንም የለም። ዲያቆኑ ሞተሩ እየጮኸ ማይክ ይዞ አላስቸገረንም፣ ጎናችን እየመጣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያወራን። 37 የሚሆኑ ደሴቶች እንዳሉ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም እንዳለ፣ እነ አፄ ፋሲል ራሳቸው እዚያ እንደሚገኙ። እማዬ ይሄን ስትሰማ ቀና አለች፣ "እንዴ፣ ጎንደር ቤታቸው ሄድን፣ እዚህ ደሞ መቃብራቸው?" አለች። አዎ አላት። ከዛ በኋላ እስክንደርስ ወደ ሐይቁ መሐል ዝም ብላ ታይ ነበር። ጎንደር የታሪክ ከተማ ናት ስንል ታሪኩ ጣና ላይ ተበትኖ እንደሚገኝ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ የገባኝ፣ ባህር ዳር ተወልጄ አድጌ።

ዘጌ ላይ ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዳገት አለ፣ በቡናው ውስጥ ነው የምትሄዱት። ለጤነኛ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ለእማዬ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ዲያቆኑ ቀድሞ የሰፈሩን ሁለት ልጆች አዘጋጅቶ ነበር፣ ዱላም ይዘውላት መጡ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ሆነው "እማማ እዚች ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚች ጋ ይረፉ" እያሉ ነው ያወጧት። በየማረፊያው ታሪክ ይነገራታል፣ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ፣ ቡናው ከእርሳቸው በትር እንደበቀለ፣ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ እንደማይፈቀድ። እሷም "ለዚህ ነዋ ጫካው ያልጠፋ" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ከከተማችን በጀልባ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ላይ እንደዛ ያለ ጥላ የት አለ።

ማህሌቱ መጨረሻ ላይ ደረስን፣ ቅዳሴውን ሙሉውን አገኘነው። ታቦቷ ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ስትዞር ሕዝቡ ከጎንደር ጋር አይወዳደርም፣ ትንሽ ነው፣ የዘጌ ሰው፣ ከየገጠሩ በእግሩም በታንኳም የመጣ፣ ከባህር ዳር የመጣን እኛ። ግን ሁሉም ሰው ዜማውን ያውቀዋል። ጎንደር ላይ ግማሹ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፣ እኔም ቀርጫለሁ፣ እዚህ ዲያቆኑ ከመግባታችን በፊት ታቦት ሲወጣ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ ብሎን ስለነበር ማንም አላወጣም። አንድም ፎቶ የለኝም፣ ከጎንደሩ ግን ይሄኛውን ነው በደንብ የማስታውሰው።

ከዛ ሥዕሎቹ። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከታች ሥዕል ነው፣ ሰው እነዚህን ለማየት ከውጭ አገር ይመጣል፣ እኛ ባጠገባችን ሆኖ አናያቸውም። ዲያቆኑ ሁሉንም ላሳያችሁ አላለም፣ በላኤ ሰብእ ጋ ወስዶ አቆመን። ቀኑ የኪዳነ ምሕረት ስለሆነ። ሰው ሲበላ የኖረ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ በሷ አማላጅነት የዳነበት ታሪክ። ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነው፣ ግን በዓሉ ቀን፣ ሥዕሉ ፊት፣ ቀስ ብሎ ሲነገር ሌላ ነው። አጠገቤ ያለች ልጅ ስታለቅስ ነበር። አንድ ሰው ሊያስጎበኝ ሲነሳ ከመቶ ነገር አንዱን መርጦ ለዚያ ቀን የሚሆነውን ማሳየቱ፣ ይሄን ነው ከጎንደሩ ጉዞ ያጣሁት።

ዘንድሮ ኪዳነ ምሕረት ቅበላ ላይ ስለዋለች ምሳው ፍስክ ነበር፣ ከወደቡ አጠገብ አንድ ቤት ዓሣ ጠብሰው ዶሮም ሠርተው ጠበቁን፣ ለእማዬ በስኳሯ ምክንያት ተብሎ ለብቻ ጎመን ተሠርቶላት ነበር፣ እኔ አላዘዝኩም፣ ከምዝገባ ፎርሙ ላይ አንብበው ነው። የዘጌ ቡና እስከ ሦስተኛው ጠጣን። ከገዳሙም ጠበል ጻዲቅ ቀምሰናል። መጸዳጃው ግን አስቸጋሪ ነው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁጭ ብድግ ማለት አይችልም፣ ይሄ የአዘጋጁ ጥፋት ባይሆንም ቀድሞ ቢነገረን እዘጋጅ ነበር።

የዘጌው ጥፋት መመለሻው ነው። ፕሮግራሙ 7 ሰዓት ይላል፣ ምክንያቱም ጣና ከሰዓት ንፋስ ይነሳበታል፣ ይሄን ባህር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ልጆች ግን ዕቃ እንገዛለን ብለው ወደ ላይ ተመልሰው ጠፉ፣ ስልካቸው አይሠራም፣ ዲያቆኑ ጥሎ መሄድ አልፈለገም፣ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሳን። መሐል ላይ ማዕበሉ ጀልባውን ከጎን ይመታው ጀመር፣ ውሃ እየገባ ረጠብን፣ ሕፃን የያዘች ሴት ጮኸች። ባለ ጀልባው ጎበዝ ሰው ነው፣ ፍጥነቱን ቀንሶ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዞረው፣ ቀጥታ ወደ ከተማው መሄዱን ትቶ ዳር ዳሩን ይዞ ነው ያስገባን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨማሪ ፈጀ። እማዬ "እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት" እያለች እጄን እንደያዘች ጣቶቼ ደነዘዙ። ጃኬቶቹ ባይኖሩ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስንወርድ ለዲያቆኑ ነገርኩት፣ ለሁለት ሰው ብሎ አሥራ ስድስት ሰው ማዕበል ውስጥ አይገባም፣ ሁለቱን ከሰፈሩ ሰው ጋር ትቶ በማግስቱ ጀልባ ወይ በመኪና ማስመጣት ይቻል ነበር፣ ዘጌ እኮ በየብስም መንገድ አለው። አዎ ልክ ነሽ እህቴ ፈርቼ ነው አለኝ። ፈርቶ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ክፉ ልጅ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ዘጌን በነሱ ሂዱ፣ ዲያቆኑ የሚመራው ከሆነ ብቻ፣ መመለሻ ሰዓቱንም ሳትሳፈሩ በፊት አስምላችሁ። ሽማግሌ ከያዛችሁ ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ፣ ምን መብላት እንደማይችል ፎርሙ ላይ በደንብ ጻፉ፣ ያነቡታል። ልብስ ነጭ፣ ለሴት ቀሚስና ነጠላ፣ ጫማ ቶሎ የሚወልቅ። ለጎንደር ደሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማደሪያው የት ሰፈር ነው፣ የከተራ ቀን ከሰዓት የት ነን፣ ሌሊቱን ማን ነው የሚያደርሰን ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሦስቱ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ራሳችሁ በሕዝብ መኪና ሂዱ ይሻላችኋል፣ ጎንደር እንግዳ የሚቀበል ሰው አያጣም፣ በርጩማ የሰጠችንን ሴት ቤት ስልክ ይዤዋለሁ።

እማዬ ሁለቱን ጠርሙስ ሥዕሉ ሥር አስቀምጣዋለች፣ የጎንደሩን ጸበልና ከኡራ ያመጣችውን፣ ጠዋት ጠዋት ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ፊቷን ታብሳለች። ባለፈው ሳምንት አዘጋጁ ደውሎ የሚቀጥለውን ዓመት ጥምቀት ምዝገባ በኅዳር እጀምራለሁ፣ ፒያሳ አጠገብ ቤት እየፈለኩ ነው አለኝ። ቤቱን አግኝተህ የውሉን ፎቶ ላክልኝ፣ ከዛ እከፍላለሁ አልኩት። እስካሁን አልላከም።